ለድሮ ሞሪስ አሞርዛተር ምን ዘይት ይግባ?

ጥያቄው ከአዳማ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «ከአባቴ የወረስኩት ሞሪስ ማይነር 1000 አለኝ። ሞተሩ ደህና ነው። መንገድ ላይ ግን ይንሳፈፋል። ጉብታ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘላል። የፊት የግራ አሞርዛተር ዘይት ያልበዋል። መጽሐፉ ‹አርምስትሮንግ 624› የሚባል ዘይት ያዛል። አዳማም አዲስ አበባም ፈልጌ አጣሁት። አንድ መካኒክ ፍሬን ዘይት ጨምርበት አለኝ። ሌላው የዲፈረንሻል 90 ወፈር ስለሚል ይሻላል፣ የተኛውንም መኪና ከፍ ያደርገዋል አለ። ጎረቤቴ ደግሞ የሞተር 40 ይበቃዋል ባይ ነው። የቱን ልስማ? በየሳምንቱ ወደ አሰላ እመላለሳለሁ።»

ሦስቱንም አይስሙ። ፍሬን ዘይት እዚህ ቦታ ፈጽሞ አይገባም። 90 ዘይት አሞርዛተሩን ያደነድነዋል እንጂ አያድነውም። የሞተር 40 ከሁለቱ ይሻላል፣ ግን እሱም ለዚህ ሥራ በጣም ወፍራም ነው። የሚያስፈልግዎ ቁጥር 46 የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ምክንያቱን አስረዳለሁ። በቅድሚያ ግን ይሄን ይያዙልኝ፦ የመኪናዎ ዋና ችግር የዘይት ዓይነት አይደለም። ማላቡ ነው። የሚያልብ አሞርዛተር ውስጥ ምርጡን ዘይት ቢጨምሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እዚያው ይመለሳሉ።

ከፍ ያደርገዋል ከሚለው ልጀምር፤ ይሄ በየጋራዡ የሚሰማ ስህተት ነው። አሞርዛተር መኪና አይሸከምም። የሞሪስን ፊት የሚሸከሙት ከወለሉ ሥር በርዝመቱ የተዘረጉ ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው። ጎማው ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ጎማው ሲወርድ ይመለሳል። የኋላውን የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ያ የተደራረበው የብረት ሞላ ነው። አሞርዛተር ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ መወዛወዙን ማብረድ። ስለዚህ መኪናው በአንድ በኩል ከተኛ ዘንጉን ወይም ባሌስትራውን ያስመርምሩ። የፈለገውን ያህል ወፍራም ዘይት ቢሞሉ የቆመ መኪና በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ አይልም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። የሞሪስ አሞርዛተር ዛሬ እንደምናውቀው ረጅም ቱቦ አይደለም። የቡጢ ያህል ወፍራም፣ በቅርጽ የተቀዳ የብረት አካል ነው። ከጎኑ ክንድ ይወጣል። ውስጡ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፒስቶኖች አሉ። ክንዱ ሲነሳ አንደኛው ፒስቶን ይወርዳል፣ ክንዱ ሲወርድ ሌላኛው ይወርዳል። የወረደው ፒስቶን ዘይቱን ገፍቶ በጠባብ ቫልቭ በኩል ወደ ሌላው ክፍል ያሳልፈዋል። መኪናው እንዳይዘል የሚይዘው ያ ዘይት በጠባቡ መንገድ ለማለፍ የሚያደርገው ትግል ነው። ሌላ ምንም የለም። በመርፌ ሲሪንጅ ውሃ ይግፉበት፣ ከዚያ ማር ይግፉበት። የእጅዎ ስሜት ልዩነቱን ይነግርዎታል። የዘይቱ ውፍረት እዚህ ላይ ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማር የሚመስለውን መሙላት መልካም ይመስላል። መጀመሪያ ላይ በእጅ ሲገፉት ጠንካራ ነውና ደስ ይላል። መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ክንዱ በቅጽበት መንቀሳቀስ አለበት። ወፍራሙ ዘይት በዚያ ፍጥነት በቫልቩ አያልፍም። ስለዚህ ምቱ በቀጥታ ወደ አካሉ፣ ወደ ብሎኖቹና ወደ ቦዲው ይሄዳል። ቀጥሎ ፒስቶኑ ሲመለስ ከሥሩ ዘይት መሳብ አለበት። ወፍራም ዘይት በቶሎ አይሳብም፤ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ አረፋ ይመጣል። አረፋ ደግሞ ይታመቃል፣ ምንም አይዝም። በመጨረሻ በትንሹ ጉብታ የሚያናጋ፣ በተደጋጋሚ ኮረኮንች ላይ ደግሞ ጨርሶ የሚለቅ አሞርዛተር ይዘው ይቀራሉ። የሞሪስ የፊት አሞርዛተር ክንድ ደግሞ የጎማው የላይኛው ማቀፊያ ራሱ ነው። እዚያ ላይ የሚመጣ ጫና ከመሪና ከጎማ አቋም ጋር የተያያዘ ነው። ቀላል ነገር አይደለም።

ቁጥሮቹ ሰውን ግራ ያጋባሉ፤ ቆም ብለን እንያቸው። የሃይድሮሊክ ዘይት ላይ የተጻፈው 32፣ 46 ወይም 68 ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውፍረት ነው፤ መለኪያው ሴንቲስቶክ ይባላል። የሞተር ዘይት 20 ወይም 40 ሌላ መስፈርት ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል 90 ደግሞ ሦስተኛ መስፈርት ነው። ስለዚህ 90 ከ46 በእጥፍ ይወፍራል፣ 40 ደግሞ ከ46 ይቀጥናል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ሁሉንም በ40 ዲግሪ ስናስተያያቸው እንዲህ ይሆናል። የሞተር 40 ከ130 እስከ 150 ሴንቲስቶክ አካባቢ ነው። የዲፈረንሻል 90 ወደ 200 ይጠጋል። የሞተር 20 ግን ከ50 እስከ 70 መካከል ነው። ማለትም ጎረቤትዎ ያሉት 40 ከሃይድሮሊክ 46 በሦስት እጥፍ ይወፍራል። የመካኒኩ 90 ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ።

የሞተር 20ን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ያ የአርምስትሮንግ ዘይት በስሙ ላይ «ቀጭን» የሚል ቃል ነበረበት። በዚያ ዘመን የነበሩ የእንግሊዝ መኪኖች የጋራዥ መጽሐፍ 624 ከታጣ ጥሩ የማዕድን ዘይት 20 ይጨመር ይላል። ወዲያው ደግሞ ያስጠነቅቃል፤ ለቀዝቃዛ አየር አይሆንም ይላል። የመኪናው ሠሪዎች ራሳቸው መውጫ ትተውልናል ማለት ነው። የሚጠሉት ብርድ ደግሞ የእንግሊዝ ክረምት ነው፣ በረዶ። አዳማ ያ ችግር የለባትም። ዛሬ በየሱቁ የሞተር ዘይት 20 ለብቻው አይገኝም፤ ያለው 40 ወይም 15 በ40፣ 20 በ50 የሚባለው ድብልቅ ነው። ‹20 በ50› ላይ ያለው 20 ደግሞ የብርድ ቁጥሩ ነው፤ ሲሞቅ እንደ 50 ነው የሚሠራው። ስለዚህ በእሱ አይታለሉ። ለድሮው 20 ውፍረት ቅርብ ሆኖ በቀላሉ የሚገኘው የሃይድሮሊክ 46ና 68 ነው።

ከሁለቱ 46ን ለምን መረጥኩ? ሙቀት ነው ምክንያቱ። ዘይት ሲሞቅ እንደሚቀጥን ሁሉም ያውቃል። ምን ያህል እንደሚቀጥን ግን ብዙ ሰው አይገምትም። ተራ 46 ዘይት በ40 ዲግሪ 46 ሴንቲስቶክ ነው። በ60 ዲግሪ ወደ 20 ገደማ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ደግሞ ከ100 ያልፋል። እርስዎ በየሳምንቱ ከአዳማ ወርደው አዋሽን ይሻገራሉ። ከዚያ በዴራና በኢተያ አድርገው ወደ አሰላ ይወጣሉ። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እዚያ ያደረ መኪና አሞርዛተሩ እንደ ድንጋይ ነው። ከሰዓት በኋላ አዳማ ገብተው አስፋልቱ ሲጋል ያው ዘይት ቀጥኗል። ለዚህ ምልልስ 68 ጠዋት ላይ ይከብዳል፣ 32 ከሰዓት ላይ ይቀጥናል። 46 መሃል ላይ ይቆማል። ከከተማ የማይወጣና አሞርዛተሩ በእርጅና የላላ መኪና ቢሆን ኖሮ 68 ልል እችል ነበር።

ከ46ቱም ውስጥ የተሻለ አለ። ቆርቆሮው ላይ «ኤች.ቪ.» ወይም «ኤች.ቪ.ኤል.ፒ.» የሚል ፊደል ይፈልጉ። ይህ ዘይት ሙቀት ሲለዋወጥ ውፍረቱ ቶሎ እንዳይለወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። «ኤች.ኤም.» ወይም «ኤች.ኤል.ፒ.» የሚለው ተራው ነው፤ እሱም ይሠራል። ሁለቱም አረፋ የሚያጠፋ፣ ዝገትና መበላት የሚከላከል ቅመም አላቸው። አሞርዛተር የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። አዳማ ላይ ይሄን ዘይት ማግኘት ከባድ አይደለም። የአርሲን ስንዴ የሚያጭዱት ኮምባይነሮች፣ ሎደሮችና ኤክስካቫተሮች ሁሉ የሚሠሩት በሃይድሮሊክ ነው። የማሽነሪ ዘይት የሚሸጥበት ሱቅ ይጠይቁ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በ20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። እርስዎ ለአራቱም አሞርዛተር አንድ ሊትር ይበቃዎታል። ከተከፈተ በርሜል በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ሲሰጡዎ ግን ይጠንቀቁ። የአዳማን አቧራ ያውቁታል። ዓይን የማያየው አሸዋ ቫልቩ ሥር ከገባ አሞርዛተሩ መያዝ ያቆማል። የግድ ከሆነ ከማሽን ባለቤት ጋር ተነጋግረው አዲስ ጀሪካን ሲከፈት ይቅዱ። ማስቀመጫውንም አጥበው ያድርቁ።

ሌላ ጥሩ አማራጭ የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ዘይት ነው። ሹካው ራሱ አሞርዛተር ስለሆነ ዘይቱም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው። በአንድ ሊትር ታሽጎ መምጣቱም ጥቅም ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው 10፣ 15 ወይም 20 በሁሉም አምራች ዘንድ አንድ አይደለም። የአንዱ 15 የሌላው 10 ሊሆን ይችላል። ከጀርባው በ40 ዲግሪ ስንት ሴንቲስቶክ እንደሆነ ከተጻፈ እሱን ይመኑ። ከ40 እስከ 60 መካከል ከሆነ ያለ ስጋት ይጨምሩ።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ያ ቀዩ፣ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መጥፎ ምርጫ አይደለም። በ40 ዲግሪ 35 ገደማ ነው፤ ሲሞቅም ብዙ አይቀጥንም። ለአዲስ አሞርዛተር ይሆናል። 60 ዓመት ለሠራ አሞርዛተር ግን ትንሽ ቀጭን ነው፤ በላላው ፒስቶን ጎን ሾልኮ ያልፋል። መንገድ ላይ ከቸገረዎት ይጠቀሙበት፣ ቤት ሲደርሱ ይቀይሩት። የክሪክ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ለአዳማ ሙቀት ይቀጥናል። የምግብ ዘይት የሚያደርጉም አይቻለሁ። እባክዎ አያድርጉ። በሙቀት እየተብላላ ሙጫ ይሆንና ቫልቩን ያጣብቃል።

አሁን ወደ ፍሬን ዘይቱ። ይሄን ረዘም አድርጌ የምናገረው ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ፍሬን ዘይት የተጨመረበት አንድ ሞሪስ መጣልኝ። ባለቤቱ የነገሩኝ ለሁለት ሳምንት ጥሩ እንደነበረ ነው። ከላይ ያለውን መዝጊያ ስፈታው የወጣው ውሃ የመሰለ ቡናማ ፈሳሽ ነበር። በጣቴ ነክቼ አሸሁት፤ የዘይት ልስላሴ የለውም። የክንዱን ዘንግ ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ላስቲክ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደራሰ እንጀራ ተቀደደ። ከአሞርዛተሩ ሥር የነበረው ቀለም ተልጦ ብረቱ ወጥቶ ዝጓል። እነዚያ ባለቤት አንድ ጎሚኒ መቀየር ይበቃቸው ነበር። በመጨረሻ ሁለት አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ አሠሩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ተራው ፍሬን ዘይት፣ ዶት 3ም ዶት 4ም፣ ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ዘይት አይደለም። ግላይኮል ከሚባል የኬሚካል ቤተሰብ ነው። በጣም ቀጭን ነው። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ለዘይት የተሠራ ጎሚኒ ያለሰልሳል። ቀለም ይልጣል። ለፍሬን ጥሩ የሆነው ፍሬን ሌላ ጎሚኒ ስላለውና የሚፈለገውም ሙቀት መቋቋም ስለሆነ ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ የበለጠ ያስፈራል። የአሞርዛተር ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያሳብጣል፣ ፍሬኑ ይነክሳል ወይም ይጠፋል። በሞሪስ ላይ ደግሞ የፍሬኑ ዋና ሲሊንደር ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ወለሉ ውስጥ ነው ያለው። መሙያውም ከላይ ሲታይ ያልለመደ ሰው የአሞርዛተር መሙያ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱን ዘይቶች በአንድ ማንቆርቆሪያ አይቅዱ። በአንድ ሲሪንጅም አይምጠጡ። ማስቀመጫዎቹ ላይ በትልቁ ይጻፉባቸው።

ወደ ማላቡ ልመለስ። አሞርዛተር ዘይት አይበላም። ጎድሎ ከተገኘ ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ክንዱን በሚይዘው ዘንግ ዙሪያ ነው። እዚያ ያለው ጎሚኒ በእርጅና ይደርቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበት ቀዳዳ ራሱ ሲሰፋ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ አዲስ ጎሚኒ ቢያስገቡም ዘንጉ እየተንገዋለለ ያበላሸዋል። ለመለየት ጎማውን አንስተው ክንዱን ከዘንጉ አጠገብ ይያዙና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። ትንሽም ቢሆን ከተንቀጠቀጠ ጉዳዩ የጎሚኒ ብቻ አይደለም። የግራ ጎማዎ ከውስጥ ወይም ከውጭ በኩል ብቻ ከተበላም ያው ምልክት ነው፤ ያ ክንድ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ነውና።

ሁኔታው እንዲህ ከሆነ ጥሩ ቶርኖ ቤት ያስፈልግዎታል። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት (ቦኮላ) ይገባል፣ ከውጭ በኩል ለልኩ የሚሆን ዘይት የሚይዝ ጎሚኒ (ፓራኦሊዮ) ይቀመጣል። ዘንጉ ከተጫረ ይስተካከላል። አዳማ ላይ ይሄን የሚሠሩ እጃቸው የሰላ ባለሙያዎች አሉ። ይዘው ሲሄዱ ግን ሥራውን በደንብ ያስረዱ፤ ይሄን ዓይነት አሞርዛተር ከፍቶ የሚያውቅ ወጣት ቶርኖ ሠራተኛ ብዙ አይደለም። ክንዱ ከዘንጉ ላይ የተቀመጠበትን አቅጣጫ ከመፈታቱ በፊት በምልክት ያስይዙ። ትንሽ ዘወር ብሎ ከተገጠመ ፒስቶኖቹ ከእርምጃቸው በፊት ይገጫሉ። የቫልቩን ሞላና ሮንዴላዎችም በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ያሰልፏቸው፤ ከግራው ጋር የቀኙን አይቀላቅሉ። እንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ የታደሰ የሞሪስ አሞርዛተር የሚሸጡ አሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ያም መንገድ ነው። ዕቃው ግን ከባድ ነው፤ ከሻንጣው ኪሎ ብዙ ይወስድባቸዋል።

ለመፍታት ሲነሱ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይሄን በእርጋታ ያንብቡልኝ። ከወለሉ ሥር ያለው፣ ፊቱን የሚሸከመው ዘንግ ተጠምዝዞ ጉልበት ይዞ ነው የተቀመጠው። አሞርዛተሩን ዝም ብለው ከፈቱት ጎማውን ከታች የሚይዘው የታችኛው ክንድ በኃይል ተወርውሮ እጅ ሊሰብር ይችላል። መኪናውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ አይተማመኑ። ጎማውን ያውልቁ። ከዚያ ሌላ ክሪክ ከታችኛው ክንድ ጫፍ ሥር አስገብተው ክብደቱን እስኪይዝ ከፍ ያድርጉት። ከዚህ በኋላ ብቻ ነው የላይኛው፣ ማለትም የአሞርዛተሩ ክንድ የሚፈታው። የጎማው እምብርት በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ ያስሩት። ይሄን ለብቻዎ አይሞክሩት። የኋላዎቹ ግን ቀላል ናቸው፤ ማያያዣቸው ይፈታል፣ ብሎኖቻቸው ይወጣሉ፣ አለቀ።

ከመሙላትዎ በፊት ከውጭ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበው ያድርቁት። መዝጊያው ዙሪያ ያለው ጭቃ ሲከፈት ወደ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ከዚያ ይክፈቱና አሮጌውን ዘይት ገልብጠው ያፍስሱት። ክንዱን ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ቫልቩ ውስጥ የቀረው እንዲወጣ። ውስጡ ምን እንደነበረ ካላወቁ ትንሽ አዲስ ዘይት ጨምረው ያንቀሳቅሱና እሱንም ያፍስሱት። የማይታወቅ ዘይት ላይ አዲስ መጨመር አልመክርም። የወጣው እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል። የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ውስጡ ተበልቷል፤ ያን ጊዜ ዘይት መቀየሩ ትርጉም የለውም።

አሁን አሞርዛተሩን በቆመበት አኳኋን ቀጥ አድርገው በሞርሳ ይያዙት። ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ ብለው ያመላልሱ። መጀመሪያ ላይ ይንተከተካል፣ አረፋ ይወጣል። ክንዱም አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ባዶ ይሆናል። ያ ባዶው አየር ነው። ጨምረው ያመላልሱ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ክብደት ሲሰማዎት፣ አቅጣጫ ሲቀይሩም ወዲያው ሲይዝ፣ አየሩ ወጥቷል። ዘይቱ ከመዝጊያው ጥርስ ዝቅ ብሎ ይቁም። እስከ አፉ አይሙሉት። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ መስፊያ ካጣ በጎሚኒው በኩል ነው የሚወጣው። «ሞልቼው አፈሰሰብኝ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ያጋጠማቸው ይሄ ነው።

ይሄን የመጨረሻ ስሜት በደንብ ይያዙት፤ ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ምርመራ ነው። የግራውንና የቀኙን ክንድ እያፈራረቁ ይግፉ። እኩል መሆን አለባቸው። ሞልቶ፣ አየሩ ወጥቶ አሁንም ልል ከሆነ ቫልቩ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ከሆነም ቫልቩ ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በአንዱ ውስጥ ወፍራም ዘይት በማድረግ ለማመጣጠን አይሞክሩ። መኪናው በዝናብ ቀን፣ ጥምዝ ላይ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የፊቶቹ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዘይት፣ የኋላዎቹም እንዲሁ።

ይሄን ለሚያነቡ የቮልስ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ፤ ጥያቄው ለእናንተም መድረሱ አይቀርምና። የእናንተ አሞርዛተር የቱቦ ዓይነት፣ የታሸገ ነው። ዘይት አይጨመርበትም። ቱቦውን በትራፓኖ በስተው ዘይት ሞልተው በብየዳ የሚደፍኑ አሉ። አያስነኩት። ዛሬ በገበያ ያለው ብዙው አሞርዛተር በውስጡ ታምቆ የተሞላ ጋዝ አለው። ሲበሳ ወይም ሲበየድ ሊፈነዳ ይችላል። ካለቀ መቀየር ነው። የድሮ ፊያት 600 ያላችሁ ግን የመጀመሪያው ዕቃ ከሆነ ተፈትቶ የሚሞላ ነው። ፊያትም ለዚሁ የራሱ ዘይት ነበረው። ለእሱም ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ነው የሚሆነው፤ 90 ግን በጭራሽ።

እንግዲህ ጠያቂዬ፣ እኔ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምሠራው። የሚያልበውን የግራውን አስቀድሜ እፈታለሁ፤ ዘንጉ ከተንገዋለለ ቶርኖ ቤት፣ ካልተንገዋለለ ጎሚኒ ብቻ። ቀኙንም አብሬ እከፍታለሁ፤ እኩል ዕድሜ አላቸውና። ሁሉንም አራቱን በ46 «ኤች.ቪ.» እሞላለሁ። ከዚያ ወደ ሶደሬ መገንጠያው ድረስ ወርጄ እመለሳለሁ። ቀትር ላይ፣ አስፋልቱ ሲግል። ጉብታ ካለፉ በኋላ መኪናው አንዴ ወርዶ አንዴ ተነስቶ ከቆመ በቃ፤ አይንኩት። አሁንም ሁለቴ የሚዘል ከሆነና የክንዱ ስሜት ጥሩ ከነበረ 68 ይቀይሩበት። ከ68 በላይ ግን አይሂዱ። 68 ገብቶም ከዘለለ ቫልቩን ያሠሩ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አራቱንም መዝጊያ ከፍተው ይዩ። መጠኑ ካልወረደና ከሥሩ ደረቅ ከሆነ እስከ ሚቀጥለው ዓመት አይክፈቱት። የግራው በድጋሚ እርጥብ ከሆነ ዘይት አይጨምሩ፤ አሞርዛተሩን ፈትተው ወደ ቶርኖ ቤት ይመልሱት።